ጠፍቶ የሚሞቅ ላፕቶፕ

ላፕቶፔን ቻርጁን ሞልቼ አጠፋዋለሁ፤ በማግስቱ ስከፍተው ግማሹ የለም። ነገሩ ሲጀመር ይኸው ነበር። ሰው ሲሰማው የሚስቅበት ጉዳይ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄበታለሁ። ዕቃ አይደል፣ ያረጃል አልኩና ተውኩት።

ግን እኛ ሰፈር መብራት በፈረቃ ነው። ፈረቃችን ሲደርስ ውኃው ይሞቃል፣ ልብሱ ይተኮሳል፣ ባትሪ የተባለ ነገር ሁሉ ይሞላል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ በያዝነው እንኖራለን። እኔ ደግሞ እንጀራዬ በዚያ ባትሪ ላይ ነው።

ትርንጎ እባላለሁ፤ ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ከፍ ብሎ ነው። ሥራዬ የሕያውነት ምስክርነት ነው። ጡረታ የሚቀበል ሰው ሁሉ በየሩብ ዓመቱ ለአንድ ምስክር መናገር አለበት። እኔ ከቤቴ ሆኜ እደውልለታለሁ፣ አወራዋለሁ፣ ከዚያ «ሰው ነው» ወይም «ሰው አይደለም» ብዬ እፈርማለሁ። ሰው የማይሆነው ጥቂት አይደለም። አባቱን ከቀበረ ዓመታት ያለፉት ልጅ የአባቱን ድምፅ ማሽን ውስጥ ደብቆ አቆይቶ «እንደምን አደርሽ ልጄ» ያሰኝብኛል። ድምፁ ያው ነው፣ ሳሉ ሳይቀር።

እንዴት እንደምለየው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ምስጢር የለውም። ሕያው ሰው ይሰለቻል። አንዱን ነገር ደጋግመህ ጠይቀው፤ በሕይወት ካለ «ነገርኩህ እኮ፣ ጆሮ የለህም እንዴ» ይልሃል። የሟች ድምፅ ግን አይሰለችም። እስኪመሽ ብትጠይቀው እስኪመሽ በትሕትና ይመልስልሃል። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰድቡኝን ሽማግሌዎች ያህል የምወደው ሰው የለም፤ ስድባቸውን ጠጥቼ ደስ እያለኝ እፈርምላቸዋለሁ።

አቶ ወልደሰንበትም ሊሰድቡኝ ነበር። መሐል ሜዳ የሚኖሩ፣ በመንገድ ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዛሬ ቤት ውስጥ ማን እንዳናደዳቸው ለሁለተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው «ስሚ አንቺ ሴትዮ» ብለው ጀመሩ፤ እኔም እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ በዚያው ቅጽበት ላፕቶፑ ድርግም አለ። ከፈረቃው ወዲህ ገና መክፈቴ ነበር። ምስክርነት መሐሉ ላይ ከተቋረጠ «አልተረጋገጠም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያልተረጋገጠ ሰው ደግሞ እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሌለ ይቆጠራል። በማግስቱ በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ። «ጤና ጣቢያው ሟች ነዎት ብሎ መለሰኝ፤ አንቺ ነሽ አሉ የገደልሽኝ» አሉኝ። ምን እላለሁ፤ ይቅርታ አልኳቸው። በአካል እስከ ቢሯችን መጥተው መኖራቸውን እስኪያሳዩ ድረስ መድኃኒታቸው ተቋርጦ ነበር።

መሥሪያ ቤቴ አስጠነቀቀኝ። ሁለተኛ ከተደገመ ላፕቶፑ ይመረመራል፣ ማኅተሙም ይነሣል አሉ። ማኅተም የሚሉት ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ነው። ያ ማኅተም ያለበትን ማሽን የወረዳ ተቆጣጣሪም አይፈትሸውም፤ የምስክር ነው፣ ንጹሕ ነው ተብሎ ይታለፋል። ማኅተሙ ከተነሣ እንጀራዬ ቀረ ማለት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፤ ሰው የማወራው በሥራ ነው።

ላፕቶፑን ይዤ ወንዴ ጋ ሄድኩ። ወንዴ አውቶቡስ ተራው አጠገብ የጥገና ሱቅ አለው። የሰፈራችን ስልክና ላፕቶፕ በሙሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው፤ የዕድራችንንም ማሽን የሚይዘው እሱ ነው። ከባሌ ከአጥናፉ ጋር እሑድ እሑድ ካርታ ይጫወቱ ነበር። እንደ ወንድሜ ነው የማየው።

«እትዬ፣ በትክክል እያጠፋሽው ነው?» አለኝ። «ክዳኑን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ ተኝቶም ይበላል።»

«ልጅ አታድርገኝ። ገብቼ ‹ዝጋ› ብዬ ነው የማጠፋው፤ መብራቷ እስክትጠፋም ቆሜ አያለሁ።»

«እሺ። ጎኑ ላይ የሚሰካ ነገር ትተሽበት ይሆን?»

«የማውዙ አለች፣ ያቺ ትንሿ።»

«እሷ ናታ። ጠፍቶም ቢሆን በዚያ ቀዳዳ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ንቀያት።»

ነቀልኳት። በማግስቱ ያው ግማሽ። ተመለስኩ። ቶሎ እንዲነሣ ተብሎ የሚሠራ ነገር አለ፣ በእሱ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም አለኝና ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ አጠፋው። ያው ሆነ። ተመለስኩ። በኔትዎርክ በኩል የሚቀሰቅሰው ነገር ይኖራል አለ፣ እሱንም ዘጋሁት አለኝ። ያው። በመጨረሻ ባትሪው ራሱ ነው ያረጀው አለና ማኅተሙን ሳይነካ ከሥሩ ፈትቶ አዲስ አስገባልኝ። አዲሱ ትልቅ ስለነበር ሥራዬን ለመጨረስ በቃኝ፤ ግን እሱም ጠፍቶ እያለ እኩሌታውን ይጨርስ ነበር።

በተመላለስኩ ቁጥር ወንዴ መነጽሩን አውልቆ፣ ወንበር ስቦልኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም፤ «ኧረ እትዬ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» አላለኝም። ይህ ነገር ያኔ ሊያባንነኝ ይገባ ነበር። የምኖርበት ሙያ አይደል? ሕያው ሰው ተመላልሰህ ስትመጣበት ካልተሰላቸብህ አንድ የያዘው ነገር አለ።

ያባነነችኝ ድመቷ ናት። የአጥናፉ ድመት ናት፤ እኔ ድመት አልወድም፣ እሷም ታውቃለች። እሱ በሕይወት እያለ እግሩ ሥር ነበር የምትተኛው። ከሞተ በኋላ ቤት ለቤት ስትዞር ከረመች፤ ከዚያ ድንገት ማደሪያዋን የእኔን ላፕቶፕ አደረገችው። ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ በተቀመጠው ላፕቶፕ ላይ ጥቅልል ብላ ታድራለች። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት ከነካህ ጣትህ ይደነዝዛል። አንድ ጠዋት ከላዩ ላይ ገፋ አደረግኋትና እጄን ክዳኑ ላይ አኖርኩ። ሞቀኝ። ድመቷ ያልተኛችበትን ጠርዙንም ነካሁ፤ እሱም ሞቃት ነው። መብራቷ ጠፍታለች፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ማሽኑ ግን እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ለወንዴ ነገርኩት። «ድመቷ ናታ ያሞቀችው» አለና ሳቀ።

አሁን ስለ ዕድሩ ልናገር፤ አለዚያ ቀጣዩ አይገባም። ዕድር ሲባል ድሮም ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ አስከሬን በፈረቃ ይሸከማል። የእኛም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘመን አንድ ነገር ተጨመረበት፤ አባል ሲሞት እንደ ራሱ ሆኖ የሚመልሰውን ድምፁን እስከ አርባው ድረስ እንሸከማለን። ቤተሰቡ ያናግረዋል፣ ሳይሰነባበት የቀረው ይሰነባበታል፣ ቁልፍ የጠፋበትም ቁልፉ የት እንዳለ ይጠይቀዋል። ድምፅ ከባድ ስለሆነ አንድ ማሽን አይችለውም፤ እያንዳንዱ አባል ላፕቶፑን ሲያጠፋ በተራው ይሸከማል። ሸክም ነው የምንለው። አርባው ሲደርስ የቤቱ ታላቅ ድንኳኑ መሐል ቆሞ «በቃ» ይላል፤ የዕድሩ ማሽን ያዥ አዝራሩን ይጫናል፤ ያበቃል። ከአርባ በላይ ማቆየት ክልክል ነው፣ ወረዳውም ማሽን እየዞረ የሚፈትሸው ለዚህ ነው፤ ለምን እንደተከለከለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የምስክር ላፕቶፕ ከሸክም ነፃ ነው። ሙት የተሸከመ ማሽን ለሕያው አይመሰክርም ይላል ደንቡ። ስለዚህ ባትሪዬ ሲያልቅ ሁሉን ጠረጠርኩ እንጂ ሸክምን አልጠረጠርኩም።

አጥናፉ የሞተው ባለፈው ጥር ነው። አርባ ቀን ሙሉ ሌላው ሲያናግረው እኔ አላናገርኩትም። ይህን ሥራ እየሠራሁ ድምፅ ፊት ቁጭ ብዬ ባሌ ነው ማለት አልቻልኩም። አርባው ዕለት ግን የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝና ድንኳኑ መሐል ቆምኩ። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፍቼ ዘጋሁት። ጋሽ ደምሰው፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ትከሻዬን ያዙኝ። ልጄ ፍኖት እግሬ ሥር ተደፍታ ነበር። «በቃ» አልኩ። ወንዴ ተጫነ። ድንኳኑ በለቅሶ ተሞላ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰዎቼን ይበልጥ ወደድኳቸው፤ አብረውኝ ተሸክመውልኛል ብዬ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የራሴን ሙከራ አደረግሁ። ቢሯችን ውስጥ ምስክሮች ስልካቸውን የሚቆልፉበት የብረት ሣጥን አለ፤ ኔትዎርክ አያስገባም። እኔም ቤት የእናቴ የብረት ሣጥን አለኝ። ቻርጁን ሞላሁ፣ አጠፋሁ፣ ነጠላ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩና ክዳኑን ጫንኩበት። ከውጭ የሚመጣበት ነገር ካለ ይለይልኛል ብዬ ነው። ከዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባቄላ እፈለፍል ጀመር።

ሰሐኑ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ፍኖት ናት፣ ከአዲስ አበባ።

«እማዬ፣ ላፕቶፑ የት ነው?»

ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«እዚሁ ቤት። ምነው?»

«ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ጠፍቶ ተቀምጧል።»

«ፍኖት፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደብረ ብርሃን ጠፍቶ የተቀመጠ ላፕቶፕ ምኑ ነው?» አልኳት።

«በባቡር እየመጣሁ ነው። እባክሽ ምንም አታድርጊው» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ሳላስቀምጥ የግቢው በር ተንኳኳ። ወንዴ ነው። ቅዳሜ ማለት ገበያ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ የማያውቅበት ቀን ነው። «በዚህ ሳልፍ ላፕቶፑን ልየው ብዬ ነው» አለ። ግባ አልኩት። ወዲያው ጋሽ ደምሰው ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። «እንደምን ዋልሽ» አሉኝ፤ ሲናገሩ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። እኚህ ሰውዬ ሰው ሲሞት ካልሆነ ቤት ለቤት አይዞሩም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ውኃ ሰጠኋቸው። ማንም አልጠጣም።

ፍኖት እስክትደርስ ድረስ እንደዚያው ተቀመጥን። እኔ ባቄላዬን ፈለፈልኩ። ሆዴ ሁሉን አውቋል፤ ግን ከአፋቸው እንዲወጣ ፈልጌያለሁ። ልጄ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሣጥኑን ከፍቼ ላፕቶፑን አወጣሁትና ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አሁንም ሞቃት ነው።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

ወንዴ ጋሽ ደምሰውን አየ። ጋሽ ደምሰው ምርኩዛቸውን አዩ።

«አባዬ ነው» አለች ፍኖት።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «አባትሽን በቃ ብዬዋለሁ» አልኳት። «ራሴ ነኝ ያልኩት። ወንዴ ተጭኗል፣ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ምንም አልተጫንኩም፣ እትዬ» አለ ወንዴ። «ጣቴን አሳረፍኩ እንጂ አልተጫንኩም።»

«እኔ ነኝ የለመንኩት» አለች ፍኖት። «አልቻልኩም እማዬ። አርባ ቀን ለማን ይበቃል? ወረዳው ደግሞ የእኔንም የሁሉንም ማሽን ይፈትሻል። የማይፈተሸው ያንቺ ብቻ ነው።»

ያኔ ገባኝ። በመላው ዕድራችን ሙት የማይፈለግበት አንድ ማሽን የእኔ ነው። ማኅተሜን፣ ስሜን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን መታመን ወስደው መደበቂያ አደረጉት። አቶ ወልደሰንበት የሞቱት፣ መድኃኒታቸው የተቋረጠው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ማውዝ ስነቅል፣ ባትሪ ስቀይር ከርሜያለሁ።

«ዕድሩ ያውቃል?» አልኩ።

«ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ነን» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ድንኳኑ ውስጥ ያልነበረ ማን አለ?»

ያን ዕለት ደረታቸውን እየመቱ ያለቀሱት ሁሉ አጥናፉ እንዳልሄደ ያውቁ ነበር። ትከሻዬን የያዙኝ ጋሽ ደምሰው ያውቁ ነበር። እዚያ መሐል በእውነት ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደዚያ ዓይነት ብቸኝነት ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ አልተሰማኝም።

«አንተ ደግሞ» አልኩት ወንዴን። «ንቀያት አልከኝ፣ ነቀልኩ። ቀይሪ አልከኝ፣ ቀየርኩ። ዓይኔን እያየህ።»

«ምን ልበልሽ፣ እትዬ? ልጂቱን እያየሁ እምቢ ማለት አቃተኝ። አዲሱን ባትሪ ትልቅ ያደረግሁት ሥራሽ እንዳይቋረጥብሽ ብዬ ነው።»

«ውጡልኝ» አልኳቸው። ወጡ። ጋሽ ደምሰው በሩ ላይ ዞር ብለው «ለአንቺ ብለን ነው» ሊሉ ጀምረው ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ፍኖት አልወጣችም። ጠረጴዛው ጥግ ቆማ «አናግሪው» አለችኝ። «አንዴ ብቻ። ካናገርሽው በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊ።» ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ግቢ ወጣች። ላፕቶፑ ጠፍቷል፣ ተዘግቷል፣ ድመቷም ላዩ ላይ ወጥታለች።

«ትርንጎ?» አለ።

ድምፁ ያው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚጎረንነው ጉሮሮው ሳይቀር። እኔ ግን የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ አልቅሼ አላናገርኩትም። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ጀመርኩት።

«ጃንጥላውን የት አኖርከው?»

«ከበሩ ኋላ፣ ከካፖርቴ ጋር» አለ።

ጥቂት ቆየሁና ያንኑ ጠየቅሁት። ያንኑ መለሰ። እንደገና ጠየቅሁት። «ከበሩ ኋላ ነው የኔ እመቤት፣ ከካፖርቴ ጋር» አለ፣ በለስላሳ ድምፅ።

አጥናፉ ሁለተኛውን ላይ ቤቱን ያናውጠው ነበር። አጥናፉ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አስጨርሶኝ አያውቅም፤ ከአፌ ነጥቆ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ያውም በስሕተት። አብረን በኖርንበት ዘመን በሙሉ በዚህ ነገር ስንጣላ ኖረናል። ቢሮ ብሆን እስክሪብቶዬን አንሥቼ «ሰው አይደለም» ብዬ በፈረምኩ ነበር። አልተጠራጠርኩም። አልሳሳትም።

ግን አልተነሣሁም። ስለ አቶ ወልደሰንበት ነገርኩት። ስለ ወንዴ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ልጃችን ነገርኩት። እንዴት እንደከዱኝ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ዓረፍተ ነገሬን ሁሉ አስጨረሰኝ። ባሌ እንዳልሆነ ያወቅሁበት ነገር ይኸው ነው፤ ይኸው ነገር ደግሞ ከወንበሩ አላስነሣ አለኝ። ሰው እስክጨርስ ሰምቶኝ አያውቅማ።

«በቃ ስል ሰምተኸኝ ነበር?» አልኩት።

«ሰምቼሻለሁ» አለ። «ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተቀየምኩሽም።»

ያኔ አለቀስኩ። አጥናፉ ይቀየመኝ ነበር፤ ሳምንት ይቀየመኝ ነበር። እያለቀስኩ ሳለሁ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ባትሪው አልቆ ነው።

እሑድም ፈረቃችን ነበር። ላፕቶፑን ሰካሁት። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስነሣ ልቤ ወስኖ ነበር። ሙት ተሸክሜ ለሕያው ልመሰክር አልችልም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይሆንም። ሥራውን እተዋለሁ፣ እሱን አስቀራለሁ አልኩ። ማኅተሙን በፈቃዱ የመለሰ ሰው ማሽኑ አይመረመርም፣ ይህን አውቃለሁ። ለምን እንደመረጥኩ አትጠይቁኝ። ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ከወረዳው ሰው ሁሉ በላይ አውቃለሁ።

ለፍኖት ግን ይህን ሁሉ አላወራኋትም። ገና አልበረደልኝም ነበር፤ ለከዳኝ ሰው ልቤን ዘርግቼ ላሳይ? ነጠላዬን እያጣፋሁ «ነገ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ይህን ነገር እጨርሰዋለሁ» ብቻ አልኳት። ፊቷ ሲቀየር አይቻለሁ። ይቀየር ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ትጨነቅ፣ እኔም ተጨንቄያለሁ አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱን ጠራርጋ፣ ምሳ ሠርታ ጠበቀችኝ። ደህና ተለያየን። ሲመሽ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ጣቢያው ላይ እንዳቀፈችኝ አልለቅ አለች፤ ይቅርታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ቢሮ ሄድኩ። ያለቃዬ ረዳት ማኅተሙን በምላጭ እየፋቀ ለምን እንደምተው ጠየቀኝ። ደከመኝ አልኩት። አመስጋኝ ደብዳቤ ይጻፍልዎታል አለኝ። ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አኖርኩት። ነፋሱ በመስኮቱ ይገባል። ቦርሳውን አቅፌ ተቀምጬ እንዴት እንደምነግረው አሰብኩ፤ ላንተ ብዬ ተውኩት፣ አሁን እስኪበቃኝ አወራለሁ፣ አንተም ትሰማለህ እለዋለሁ ብዬ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው እግሬ እንደቀዘቀዘ ያወቅሁት። እጄን ቦርሳው ውስጥ ሰደድኩ። ላፕቶፑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቶ ነው የዋለው፣ ያደረው። መቶ ይላል። አንድ እንኳ አልጎደለም።

ስሙን ጠራሁት። ክዳኑን ዘግቼም ጠራሁት። ፍኖት ጋ ደወልኩ።

«የት ወሰዳችሁት?»

«እማዬ…»

«ማኅተሙን መልሼ መጣሁ። ለእሱ ብዬ ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ። የት ነው?»

«ቢሮ እሄዳለሁ፣ እጨርሰዋለሁ አልሽ» አለች። «ልታስጠፊው መስሎን ነው። ቤተ ክርስቲያን እያለሽ ወንዴ መጥቶ አወጣው። ጋሽ ደምሰው ናቸው ያዘዙት።»

«እንግዲያው መልሱልኝ።»

«የት እንዳለ ለእኔም አልነገሩኝም። አንቺ እንዳታውጣጪኝ ብለው።» ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ቢነግሩኝስ እንዴት አምኜ እሰጥሻለሁ እማዬ? አንዴ በቃ ብለሽው ነበር እኮ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ወንዴ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ወንበር ስቦልኝ፣ መነጽሩን አውልቆ «ምን እንደምታወሪ አልገባኝም፣ እትዬ» አለኝ፣ በትዕግሥት። ጋሽ ደምሰው «የምን ድምፅ? አጥናፉ በአርባው ተሸኝቷል፣ ራስሽ ሸኝተሽዋል» አሉኝ። ወረዳ ሄጄ እንዳልከሳቸው፣ ካገኙት ይደመስሱታል። ይህን እነሱም ያውቃሉ።

ድመቷ ባዶውን ላፕቶፕ አንዴ አሸተተችና ሄደች። አሁን የት እንደምታድር አላውቅም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ከዕድር አልቀርም። ልቅሶ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ማኅበር ቢሆን ማንም ሳይቀድመኝ እደርሳለሁ። ትርንጎ ተጽናናች፣ ሰው ወደደች ይላሉ። የሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ተዘግቶ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮት ሥር፣ አልጋ ራስጌ። ሰላምታ ስንለዋወጥ ሳያዩኝ መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳርፋለሁ። የወንዴን ቤት አይቻለሁ፤ የጋሽ ደምሰውንም አይቻለሁ። እስካሁን የነካሁት ሁሉ ቀዝቃዛ ነው።